አርቲስት አስናቀች ወርቁ፦ ከመጠጥ ቤት ክራር እስከ ብሔራዊ መድረክ

የሀገራችን ዘመናዊ ኪነ ጥበብ ታሪክ ሲነሣ ስማቸው በግንባር ቀደምትነት ከሚጠቀሱ ሴቶች መካከል አርቲስት አስናቀች ወርቁ አንዷ ናቸው። በቲያትር መድረክ ላይ ለመታየት ከደፈሩት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ይመደባሉ። በክራር ዜማም ዘመን የማይሽረው ስም ትተው አልፈዋል። ይህ ጽሑፍ የአርቲስቷን ሕይወትና የሙያ ጉዞ በአጭሩ ያቀርባል። በመጨረሻም በየቤታቸው የቆዩ የሙዚቃ ካሴቶች፣ ፎቶግራፎችና ግጥሞች ያሏቸው ዜጎች፣ እንዲሁም የሟች የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ወራሾች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያመለክታል።

ልደትና አስተዳደግ

አስናቀች ወርቁ በ1927 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ፣ በስድስት ኪሎ አካባቢ ተወለዱ። ዘመኑ የሀገር ፍቅር ማኅበር የተመሠረተበት፣ የፋሽስት ኢጣልያ ወረራም ደጃፍ የደረሰበት ዘመን ነበር። እናታቸውን በሕፃንነታቸው በሞት በማጣታቸው ያደጉት በክርስትና እናታቸው እጅ ነው። የእናት ፍቅርን ሳይጠግቡ ማደጋቸው በኋላ ዘመን ለትዝታ ዜማቸው ያንን ልብ የሚነካ ቃና ሳይሰጠው እንዳልቀረ ብዙ አድማጮች ያምናሉ።

ክራርን ያስተማራቸው መምህር አልነበረም። ክራር የሚመታበትን ሁሉ እየተከታተሉ፣ ሰምተው በቃላቸው እየያዙ፣ ጣቶቻቸውን በራሳቸው እያለማመዱ ነው የተካኑት። በዚያን ጊዜ ለአንዲት ልጃገረድ ይህን ማድረግ ቀላል አልነበረም። ምክንያቱን ለመረዳት ክራር በኅብረተሰቡ ዘንድ የነበረውን ስፍራ መመልከት ያስፈልጋል።

ክራርና ለክራር ተጫዋቾች ይሰጥ የነበረው ግምት

ክራር ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት አውታሮች ያሉት የዜማ መሣሪያ ነው። የሚቃኘው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በሚባሉት በአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ነው። ዐሥር አውታር ያለው በገና ለምስጋናና ለጸሎት የተለየ ሆኖ በመኳንንቱና በካህናቱ ዘንድ ሲከበር፣ ክራር ግን የፍቅር፣ የጨዋታና የመጠጥ ቤት መሣሪያ ተደርጎ ይታይ ነበር። በገናን ለእግዚአብሔር፣ ክራርን ለፈታኙ የሚሰጥ አባባልም በሕዝቡ ዘንድ የተለመደ ነው።

ለመሣሪያው የሚሰጠው ግምት ለተጫዋቹም ይተርፍ ነበር። አዝማሪ በሰርግና በግብዣ የሚፈለግ፣ ነገር ግን ልጅ የማይዳርለት ሰው ነበር። አዝማሪዋ ሴት ስትሆን ደግሞ ንቀቱ እጥፍ ይሆናል። ሆኖም ከአስናቀች ወርቁ ቀደም ብለው እንደ ሜሪ አርምዴ ያሉ የክራር ባለሙያ ሴቶች በአዲስ አበባ ስም አትርፈው ስለነበር መንገዱ ፈጽሞ ያልተረገጠ አልነበረም። አስናቀች በዚያ መንገድ ገብተው አስፍተውታል፤ ከዚያም አልፈው ወደ ቲያትር መድረክ አድርሰውታል።

ወደ ቲያትር መድረክ

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ቲያትር ጅማሬ ላይ የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ወንዱ ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ድምፁን አቅጥኖ የሴቷን ቦታ ይይዛል። ሴት ልጅ በአደባባይ ቆማ የሌላ ሰው ሚስት ወይም ፍቅረኛ መስላ መታየቷ ለቤተሰብ ውርደት እንደሆነ ይቆጠር ስለነበር ለመድረክ የሚፈቅድ ወላጅ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

አስናቀች ወርቁ ይህን አጥር ካለፉት ጥቂት ሴቶች መካከል ናቸው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ገና የሃያ ዓመት ወጣት ሳይሞላቸው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቲያትር እንቅስቃሴ ውስጥ ተዋናይ ሆነው ብቅ አሉ። ቀጥሎም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ተቀላቀሉ። ይህ ቲያትር ቤት በኢጣልያኖች የተጀመረ የሲኒማ ሕንፃ ሲሆን፣ ከነፃነት በኋላ ተስፋፍቶና ተጠናቅቆ በ1948 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ጋር ተያይዞ ተመረቀ። ከ1966ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ብሔራዊ ቲያትር የሚለውን ስም ይዟል።

አርቲስቷ በዚህ ተቋም ለብዙ ዓመታት በተዋናይነት፣ በድምፃዊነትና በክራር ተጫዋችነት አገልግለዋል። በወር ደመወዝ የሚተዳደር የኪነ ጥበብ ሠራተኛ መሆን በዚያን ዘመን ትልቅ ትርጉም ነበረው። ትላንት በእንግዳ ስጦታ ብቻ ይኖር የነበረው ሙያ የመንግሥት መዝገብ ላይ ሰፈረ ማለት ነው። ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ሴት ተዋንያን ሙያቸውን ለቤተሰቦቻቸው ሲያስረዱ በምሳሌነት የሚጠሩት ሰው ነበራቸው።

የምሽቱ ድምፃዊት

የአስናቀች ወርቁ ሕይወት ግን በቲያትር ቤቱ አዳራሽ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የክራር እውነተኛ መድረክ የምሽት መጠጥ ቤት ነው፤ እርሳቸውም ይህን መድረክ አልተዉትም። በአዲስ አበባ የራሳቸውን መጠጥ ቤት ከፍተው በባለቤትነት አስተዳድረዋል፤ እንግዳ ተቀብለዋል፤ ክራራቸውን አንሥተው ዘፍነዋል።

የዚህን ሥራ ባሕርይ ለማያውቅ ወጣት አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። በአዝማሪ ቤት ድምፃዊቷ አስቀድማ ያጠናችውን ግጥም ብቻ አትዘፍንም። እንግዳው በድንገት ግጥም ያቀብላል፤ እርሷ ተቀብላ በዜማ ትመልሳለች። የሚሞገሰውን ታሞግሳለች፤ የሚነቀፈውን በሰምና ወርቅ ትነካለች። ላይ ላዩን የፍቅር ቃል የሚመስለው ስንኝ ውስጡ ሲፈተሽ የገንዘብ ስስታምን፣ ትዕቢተኛ ሹምን ወይም ከዳተኛ ወዳጅን ሲወጋ ይገኛል። እንግዳው የተነካ ሲመስለው ይሥቃል፤ የተሞገሰ ሲመስለው ብር ከግንባሯ ላይ ይለጥፋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በቅጽበት ስለሆነ ፈጣን አእምሮ፣ ሰፊ የቋንቋ ሀብትና ድፍረት ይጠይቃል።

አስናቀች ወርቁ በዚህ ረገድ የተመሰገኑ ነበሩ። በአለባበሳቸው ዘመናዊ፣ በንግግራቸው የአራዳ ልጅ፣ በግጥም አመላለሳቸው ፈጣን እንደነበሩ የሚያውቋቸው ሁሉ ይመሰክራሉ። ስለ ፍቅር በግልጽ መዝፈናቸው በጊዜው ያስነቀፋቸውን ያህል አድናቂም አብዝቶላቸዋል። ለባለሙያነታቸው ሌላ ማስረጃ የሚሆነው፣ ሴት ልጅ የገዛ ገቢዋን ማዘዝ በማትችልበት ጊዜ የራሳቸውን ቤት ይዘው መገኘታቸው ነው። ድምፃዊቷ በሌላ ሰው መጠጥ ቤት ስትዘፍን ከሽልማቷ ላይ የቤቱ ባለቤት ድርሻ ይነሣል። በራሷ ቤት ስትዘፍን ግን ዜማውም ሒሳቡም የእርሷ ነው።

መርካቶ፣ ካሴቱና መንገደኛው

የአዝማሪ ሙዚቃ ከምሽት ቤት ወጥቶ ወደ ሕዝቡ እንዴት እንደደረሰ ሲታይ የአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ድርሻ ጎልቶ ይወጣል። መርካቶ በወረራው ዘመን ኢጣልያኖች የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ ባዛወሩ ጊዜ የአገሬው ሰው ገበያ ተብሎ የተቋቋመ ነው። የዛሬው ራስ ቲያትርም መነሻው በዚያው ዘመን በመርካቶ የተከፈተው ሲኒማ ራስ ነው። በዚህ ምክንያት መርካቶ ከሸቀጥ መለዋወጫነቱ ጎን ለጎን ከጥንት ጀምሮ የመዝናኛና የኪነ ጥበብ ስፍራም ሆኖ ቆይቷል።

የሸክላ ሙዚቃ ማሳተም ለረጅም ጊዜ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምኃ እሸቴ በግሉ የሸክላ ማሳተም ሥራ ሲጀምር ያ ቁጥጥር ተሰበረ፤ ሌሎች ነጋዴዎችም ተከተሉ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ካሴት ሲመጣ ሙዚቃ ይበልጥ ርካሽ፣ ይበልጥ ተንቀሳቃሽ ሆነ። ከመርካቶ ሙዚቃ ቤቶች የተገዛ ካሴት በአውቶቡስ ተራ በኩል ወደየክፍለ ሀገሩ ይጓዝ ነበር። ነጋዴው ከዕቃው ጋር፣ ሾፌሩ በመኪናው ውስጥ፣ ሻይ ቤቱና ሆቴሉ በመንገዱ ዳር ያጫውተዋል። ስድስት ኪሎን አይቶ የማያውቅ ገበሬ የአዲስ አበባን የክራር ዜማ የሰማው በዚህ መንገድ ነው።

አስናቀች ወርቁም በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ከተቀረጹት ሥራዎቻቸው አንዱን የሠሩት ከኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ጋር ነው። የጥንቱ ክራርና የኤሌክትሪክ ኦርጋን በአንድ ላይ መግጠማቸው በወቅቱ እንግዳ ነገር ነበር። ነገር ግን ክራሩ በኦርጋኑ አልተዋጠም። ኦርጋኑ ቅኝቱን ተከትሎ ከሥር ይሄዳል፤ ድምፃቸውና ክራራቸው ደግሞ ፊት ፊት ይቀድማሉ።

ይህ ወቅት ግን አስቸጋሪ ዘመንም ነበር። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ለብዙ ዓመታት የዘለቀው የሰዓት እላፊ የምሽቱን ሕይወት ዘጋው። እንግዳ በጊዜ ወደ ቤቱ ሲገባ የአዝማሪ ቤት ገበያ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ዘመን የተረፉት ካሴቶች ዛሬ ከፍ ያለ ዋጋ ያላቸው፣ ሌሊቱ በተዘጋበት ጊዜ ድምፁን ያቆዩልን እነርሱ በመሆናቸው ነው።

ትዝታና ብሉዝ

የትዝታን ዜማ የሚሰሙ የውጭ አገር ሰዎች ብዙ ጊዜ ከአሜሪካው ብሉዝ ጋር ያነጻጽሩታል። ሁለቱ የሙዚቃ ዓይነቶች በታሪክ የተገናኙበት መንገድ የለም፤ የኑሮ ተመሳሳይነታቸው ግን ጎልቶ ይታያል። በደቡባዊ አሜሪካ ጥቁር ሠራተኞች ከድካማቸው በኋላ የሚሰበሰቡባቸው የመንገድ ዳር መጠጥና ጭፈራ ቤቶች ነበሩ። እንደ ሜምፊስ ሚኒ ያሉ ሴቶች በእነዚህ ቤቶች ጊታራቸውን ይዘው ከወንዶች ጋር እየተወዳደሩ ዘፍነዋል። እነርሱም እንደ እኛ አዝማሪዎች በምሽት ይወደሳሉ፤ በቀን ይነቀፋሉ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ትምህርት እናገኛለን። የብሉዝ ንግሥት ተብላ የምትታወቀው ቤሲ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1937 በመኪና አደጋ ስትሞት ለቀብሯ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጣ። ይሁን እንጂ መቃብሯ እስከ እ.ኤ.አ. 1970 ድረስ የስም ድንጋይ አልነበረውም። ለ33 ዓመታት ድምፅዋ በሸክላ ሲሸጥ ስሟ በመቃብሯ ላይ አልተጻፈም። ሕዝብ አንድን ባለሙያ መውደዱ ብቻውን ታሪኩን አያቆየውም፤ የሚጽፍ፣ የሚመዘግብና የሚጠብቅ እጅ ያስፈልጋል።

የኋለኛው ዘመንና ሕልፈት

አስናቀች ወርቁ በዕድሜያቸው የመጨረሻ ዓመታት በሕመም ምክንያት ከመድረክ ርቀው በቤት ውለዋል። በዚሁ ጊዜ ሥራቸው ከሀገር ውጭ አዲስ አድማጭ ማግኘት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2003 በፈረንሳይ በሚታተመው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ 16ኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ ለእርሳቸው ሥራዎች ተሰጠ። ስብስቡን ያዘጋጀው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ባለሙያ ነው። በኋላም ሕይወታቸውን የሚተርክ አስኒ የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም በራሔል ሳሙኤል አዘጋጅነት ለእይታ በቅቷል። ከኃይሉ መርጊያ ጋር የሠሩት አልበምም እ.ኤ.አ. በ2018 በውጭ አገር ዳግም ታትሟል።

አርቲስቷ በ2004 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ አዲሱ ዓመት በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በስማቸው ከሚታወሱት ዜማዎች መካከል እንደ ኢየሩሳሌም የተሰኘው ዛሬም በሬዲዮና በየአዝማሪ ቤቱ ይሰማል። ወጣት ሴቶችም ክራርን በትምህርት ቤት ጭምር ይማራሉ፤ ማንም አያሳፍራቸውም። ለዚህ ለውጥ ዋጋ ከከፈሉት አንዷ አስናቀች ወርቁ ናቸው።

ከዚህ ታሪክ ለተገልጋዮች የሚተርፈው

የአንድ አዝማሪ አብዛኛው ሥራ በአየር ላይ የቀረ ነው። አስናቀች ወርቁ በየምሽቱ በቅጽበት ፈጥረው ለእንግዳ የመለሷቸው ግጥሞች ቍጥር ስፍር የላቸውም። ለእኛ የደረሱት ግን የተቀረጹት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ያልተቀረጸው ከሰሚው ጋር ይሞታል። ስለዚህ የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ እንድትሉ በአክብሮት እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ስለ መብት። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኪነ ጥበብ ሥራ አመንጪዎችን፣ ከዋኞችንና የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሮችን መብት ይጠብቃል። የፈጠራ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆንና በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በሌላ መንገድ ግዙፍነት ሲያገኝ ነው። ግጥምንና ዜማን መጻፍና መቅረጽ ለታሪክ ብቻ ሳይሆን ለመብትም አስፈላጊ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጥበቃው የሚገኘው በምዝገባ አይደለም፤ ሆኖም ማስረጃን በአግባቡ መያዝ ክርክር ሲነሣ እጅግ ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ ስለ ወራሾች። የሥራ አመንጪው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጸናል፤ ለወራሾችም ይተላለፋል። የከዋኝ መብት ደግሞ ሥራው ከተቀረጸበት ዓመት ቀጥሎ ካለው ዓመት ጀምሮ ለ50 ዓመታት የሚቆይ ነው። ሁለቱ መብቶች የተለያዩ መሆናቸውን መገንዘብ ይገባል። አባት ወይም እናት የደረሱት ግጥምና ዜማ አንድ ነገር ነው፤ በድምፃቸው የተቀረጸው ሌላ ነገር ነው። የውርስ ማስረጃችሁን፣ የቆዩ የውል ሰነዶችንና የካሴት ሽፋኖችን አትጣሉ። ማብራሪያ ለማግኘት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን መጠየቅ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ስለ ቅርሶች አያያዝ። የቆዩ ካሴቶችንና ሸክላዎችን ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከአቧራ ጠብቁ። ካሴቶችን ከድምፅ ማጉያና ማግኔት ካላቸው ዕቃዎች አርቁ። ካሴቱን በተበላሸ ማጫወቻ ደጋግሞ ማጫወት ክሩን ስለሚበጥሰው አስቀድሞ ወደ ዲጂታል ቅጅ ማስገልበጥ ይመረጣል። ከተገለበጠም በኋላ ዋናውን አስቀምጡት። በፎቶግራፎች ጀርባ ላይ የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን በእርሳስ ጻፉ። ስም የሌለው ፎቶግራፍ ከአንድ ትውልድ በኋላ ማን እንደሆነ የሚነግር አይገኝለትም።

አራተኛ፣ ስለ ማስረከብ። ለሀገር ታሪክ ይጠቅማል የምትሉት ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍ ወይም የድምፅ ቅጅ ሲኖር በአካባቢያችሁ ለሚገኘው የባህልና ኪነ ጥበብ ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ማሳወቅ ትችላላችሁ። ዕቃውን በስጦታ መስጠት፣ ቅጅውን ብቻ እንዲወሰድ መፍቀድ ወይም በእጃችሁ ማቆየት የእናንተ ምርጫ ነው። የምታስረክቡ ከሆነ ግን የርክክብ ሰነድ በጽሑፍ መቀበላችሁን አረጋግጡ። ባለቤቱ ዕቃውን ቢሰጥም በውስጡ ባለው ሥራ ላይ ያለው የቅጅ መብት አብሮ ተላለፈ ማለት እንዳልሆነም እወቁ።

አምስተኛ፣ ስለ ሕያዋን። ኢትዮጵያ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀች ሀገር ናት። የማይዳሰስ ቅርስ ዋናው መዝገብ ሰው ነው። በየሰፈራችሁ በዕድሜ የገፉ የክራር፣ የማሲንቆ፣ የበገናና የዋሽንት ባለሙያዎች ካሉ በሕይወት ሳሉ ድምፃቸውን በፈቃዳቸው ቅረጹ፤ ሙያውን ከማን እንደተማሩ፣ ቅኝቱን እንዴት እንደሚይዙ ጠይቁ። አንድ ተንቀሳቃሽ ስልክ ለዚህ ይበቃል።

እናቷን በሕፃንነቷ ያጣች፣ ክራርን ያለ መምህር የተማረች፣ የተናቀ ሙያ ይዛ ብሔራዊ መድረክ ላይ የደረሰች ሴት ታሪክ ወደ እኛ የመጣው ጥቂት ካሴቶችን የቀረጹ፣ ያስቀመጡና ያስተላለፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። በመርካቶ አንድ ሱቅ መደርደሪያ ወይም በአንድ ቤት ሣጥን ውስጥ ዛሬም ስሙ ያልተጻፈበት ሌላ ካሴት ሊኖር ይችላል። ክሩ ሳይበጠስ ስሙን የሚያውቅ ሰው ይጻፍበት።